የቱን ፊን ልግዛ?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና እስኪፈላ ብታነቡት ይሻላል። መጀመሪያው ላይ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ይመስላችኋል። ታገሡኝ፣ መጨረሻ ላይ የምለምናችሁ ነገር አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ዱባይ የሚኖር ተማሪዬ በቴሌግራም አራት ፎቶ ላከልኝ። ስሙን አልጠራም፣ እንዲጠራም አይወድም። ሆቴል ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ጠባቂ ሆኖ ይሠራል። በእረፍት ቀኑ ደግሞ ፉጃይራ ሄዶ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ተምሯል። ፎቶዎቹ ዋናተኞች እግራቸው ላይ የሚያጠልቁት፣ የዳክዬ እግር የሚመስለው ነገር ነው። ፊን ይሉታል። ከሥሩ እንዲህ ጽፏል፦

«ቲቸር፣ ለመስከረም እመጣለሁ። ሻንጣዬ ላይ ቦታ አለኝ። ለአገር ቤት ልጆች ፊን ልገዛ ነው። ከነዚህ የቱን ልግዛ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳቅሁ። ዳንግላ! ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ! በሰኔ ጭቃ ቦቲ ጫማ ካልሆነ ሌላ ጫማ በማይታሰብበት አገር የውኃ ጫማ? «አንተ ልጅ፣ እዚህ የሚያስፈልገን የጭቃ ፊን ነው» ብዬ ልጽፍለት ነበር። ከዚያ ማን እንደሆነ ትዝ አለኝና ጣቴን ሰበሰብኩ።

ይህ ልጅ ስለ ውኃ ሲጠይቅ አይሳቅም። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጥያቄው። መምህር ነኝ፣ ጥያቄ ከመጣ መልስ መፈለግ አመሌ ነው። መብራት ባለበት ሌሊት ሁሉ ስለ ፊን ሳነብና ቪዲዮ ሳይ ሰነበትኩ። ባለቤቴ «ልትጠልቅ ነው እንዴ?» እስክትለኝ ድረስ።

ነገሩ ከተነሣ ፊን ለምን ይሠራል? ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳችሁን አስታውሱ። ወደ ፊት ለመሄድ ውኃን ወደ ኋላ መግፋት አለባችሁ። የሚገፋችሁ ኃይል በየሰከንዱ ወደ ኋላ የላካችሁት የውኃ መጠንና የላካችሁበት ፍጥነት ብዜት ነው። የሚያደክማችሁ ጉልበት ግን ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል። ስለዚህ ጥቂት ውኃ በፍጥነት ከመግፋት ይልቅ ብዙ ውኃ በዝግታ መግፋት ያዋጣል። ባዶ እግር ትንሽ ናት፣ በጣም ብትፈጥንም የምትገፋው ውኃ ጥቂት ነው። ፊን እግርን ያሰፋዋል፣ ያ ነው ምሥጢሩ።

ይህንን መጀመሪያ ከሞከሩት አንዱ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው፤ ያ መብረቅን ያጠና አሜሪካዊ። በልጅነቱ እጁ ላይ የሚይዛቸው ሁለት ሞላላ ጣውላዎች ሠራ። ፈጥኖ ዋኘ፣ ግን የእጁ አንጓ ደከመ። እግሩም ላይ እንደ ሰንደል ያለ ነገር አስሮ ሞከረ፤ እሱን ግን አልወደደውም። ልብ በሉ፦ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ችግሩ ያው ነው። ስፋቱ በጨመረ ቁጥር የሚከፍለው መገጣጠሚያችሁ ነው። ሉዊ ደ ኮርልዩ የተባለ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን እ.ኤ.አ. በ1933 የጎማ ፊን ፓተንት አወጣ። ኦወን ቸርችል የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ ከእሱ ፈቃድ ገዝቶ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ መሸጥ ያዘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካና የእንግሊዝ ጠላቂ ወታደሮች የተጠቀሙት ይህንን ነው።

የእኛም ሰፈር ልጆች ሞክረውታል፣ እንዳትስቁ። ድሮ አንድ ሁለት ተማሪዎቼ የኮንጎ ጫማ ታች ኮምፔንሳቶ ቸንክረው ወንዝ ገብተው ነበር። አንደኛው ጫማ ተንሳፍፎ ሄደ፣ ኮምፔንሳቶው ውኃ ጠጥቶ ተላጠ። ሐሳባቸው ግን ከፍራንክሊን አያንስም።

አሁን ወደ ተማሪዬ አራት ፎቶ።

የመጀመሪያው «ፉል ፉት» የሚሉት ነው። ባዶ እግራችሁን እንደ ኮንጎ ጫማ ትከቱታላችሁ፣ ተረከዛችሁን ሳይቀር ይሸፍናል። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ለሞቃት ባሕር ጥሩ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። አንድ፣ ልክ እንደ ጫማ ቁጥር አለው፤ 42 የሚለብስ ልጅ የገዛውን 44 የሚለብስ አይለብሰውም። ሁለት፣ ሲወልቅ ባዶ እግራችሁን ናችሁ። የእኛ ወንዝና ሐይቅ ዳር ደግሞ ድንጋይና እሾህ ነው፣ ውኃውም አጥንት ይነካል።

ሁለተኛው «ኦፕን ሂል» ነው፣ ተረከዙ ክፍት። መጀመሪያ ወፍራም የጎማ ካልሲ የመሰለ ጫማ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ ፊኑን ትከቱና ከኋላ በጎማ ማሰሪያ ወይም በሞላ ታጠብቃላችሁ። ይከብዳል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ግን በጫማው ድንጋይ ላይ ትሄዳላችሁ፣ ብርድ ይከላከላል፣ ማሰሪያው ስለሚጠብቅና ስለሚላላ የተለያየ እግር ያላቸው ልጆች ይዋዋሱታል።

ሦስተኛው «ስፕሊት» ይባላል። ቅጠሉ፣ ማለት ሰፊው ዝርግ ክፍል፣ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል። እግራችሁን ወደ ላይና ወደ ታች ስታማቱ ሁለቱ ግማሾች እየተጠማዘዙ ውኃውን ያሳልፉታል። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀላል፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይወደዋል። የሚያቅተው ሌላ ነገር ነው። እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን እየመቱ መሄድ፣ ባሉበት መዞር፣ ወደ ኋላ መመለስ ሲያስፈልግ ድፍኑን አያህልም።

አራተኛው ረጅሙ ነው። ያለ አየር ጋን፣ ትንፋሻቸውን ይዘው የሚጠልቁ ሰዎች የሚለብሱት። ቅጠሉ ከፕላስቲክ፣ ከፋይበር ግላስ ወይም ከካርቦን ይሠራል፣ ካርቦኑ የዋጋው ጣራ ነው። በአንድ ምት ብዙ ይወስዳል። ደንገል ሥር ውስጥ ግን እስቲ ግቡበት!

እንግዲህ ለእኛ አገር የቱ ነው? ውኃችንን ልቁጠር። ዘንገና አለ። እንጅባራ አካባቢ፣ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ፣ ዛፍ ከቦት የተቀመጠው። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጎድጓዳ ሐይቅ ስለሆነ ዳር ዳሩን ረግጦ ገባ ማለት የለም፣ ወዲያው ይገደላል። ጥልቀቱ 160 ሜትር አካባቢ እንደሚደርስ ይነገራል። ጥርባም እንደዚያው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። ጣና ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ያን ያህል ተንጣሎ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ከሥሩ ጭቃ፣ ከዳሩ ደንገል፣ መሐሉ ላይ የአሣ አጥማጅ መረብ። እንደ መቀስ እግሩን የሚያማታ ሰው ጭቃውን ቀስቅሶ የገዛ እጁን እንኳ ማየት ያቅተዋል። እዚያ የሚያዋጣው የእንቁራሪት ምት ነው፣ ለእንቁራሪት ምት ደግሞ ድፍን ቅጠል። ስንጥቁ መረብና ክር ይይዛል። ስለዚህ ተረከዘ ክፍት፣ ቅጠሉ ድፍን፣ ጠንካራ ጥቁር ጎማ። እንዲህ ያለው ፊን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወጥቶ ዛሬም ይሸጣል። ጥንዱ ሦስት ኪሎ ገደማ ሊመዝን ይችላል፣ ግን አይሰበርም፣ አንዱ ለአንዱ ያወርሰዋል።

ደስ ብሎኝ ጻፍኩለት። «ጥቁሩን ጎማ ግዛ። ተረከዘ ክፍቱን፣ ድፍኑን። ሰፊ ቁጥር ያዝ።» ጥያቄ መልሼ እንቅልፌን ተኛሁ።

በነጋታው ከተማችን ውስጥ ያሉ አንድ አባት ጋ ሄድኩ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ፣ ምጽዋ በ1982 ዓ.ም. የካቲት ከእጅ ስትወጣ የተረፉ ሰው ናቸው። ስለ ባሕር የሚያዋራቸው ሰው ስለማያገኙ እኔ ስመጣ ይወዳሉ። ፎቶዎቹን አሳየኋቸው፣ የሰጠሁትንም መልስ በኩራት ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«መምህር» አሉኝ፣ «ልጁ ይህን የሚገዛው ሕያው ሊያወጣበት ነው ወይስ ሬሳ?»

«አልገባኝም አባቴ።»

«ይኼ ጥቁሩ የጠላቂ ነው። ጠላቂ ቀስ ብሎ ለብሶ፣ አየሩን አዝሎ፣ ማሰሪያውን አጥብቆ ይገባል። እሱ እስኪለብስ ሰውየው ሞቷል። ጠላቂ የሚጠራው ለሬሳ ነው። ለነፍስ የሚሮጠው ሌላ ነው፣ የሚለብሰውም ሌላ ነው።»

ቤቴ እስክደርስ ይህች ንግግር ጆሮዬ ላይ ነበረች። በየክረምቱ የምናየውን ታውቃላችሁ። ውኃ ሰው ይወስዳል። የአካባቢው ዋና የሚችሉ ወጣቶች ልብሳቸውን አውልቀው፣ ወገባቸው ላይ ገመድ አስረው ይገባሉ። ካልሆነ ጠላቂ ዋናተኞች ይጠራሉ። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች ክፍለ ሀገር ድረስ ሲጠሩ በዜና ሰምታችኋል። ቤተሰብ ዳር ላይ ተቀምጦ ቀን ይቆጥራል። ሬሳ መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ቀብር የሌለው ኀዘን አይበርድም። የእነዚያን ሰዎች ሥራ የሚያቃልል አንደበት የለኝም። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ የነበረው ለሬሳው እንደሆነ አላወቅሁም ነበር።

ደግሞ ሌላ አደጋ አየሁ። የጠላቂ ፊን ያየ ወጣት ጠላቂ የሆነ ይመስለዋል። በአየር ጋን መጥለቅ ሥልጠና የሚጠይቅ ነገር ነው፣ ከፍታ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከባሕር ወለል ከ300 ሜትር በላይ ያለ ውኃ ውስጥ የሚጠልቅ ሰው የባሕሩን ሰንጠረዥ እንዳለ መጠቀም አይችልም። ዘንገና ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ከጥልቁ ሲወጣ ሰውነቱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አረፋ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ «ፊን አለን» ብሎ ልጅ ወደ ጥልቁ መላክ ሁለተኛ ሬሳ መጨመር ሊሆን ይችላል። አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። የፈረሰኛ አገር ልጆች ነን፣ ጥር 23 በመጣ ቁጥር እንጅባራ ላይ የምናየው ነው። ፈረሱ ቢያምርም ኮርቻው ላይ ያለው ሰው ነው ነገሩ።

ማታ ደወልኩለት። «የነገርኩህን ተወው፣ ተሳስቻለሁ» አልኩት። ለምን እንደሆነ ዘርዝሬ ነገርኩት። እሱ ግን ስለ ከፍታም ስለ ጋንም አልጠየቀኝም። ትንሽ ቆይቶ፣

«ቲቸር፣ ያን ቀን ፊን አድርጌ ቢሆን እደርስበት ነበር?» አለኝ።

አሁን ነው ኋላ እነግራችኋለሁ ያልኩት ነገር የመጣው።

1999 ዓ.ም. ሰኔ ነው። ወጣት መምህር ነበርኩ። ለዘጠነኛ ክፍሎች ቅዳሜ ጠዋት ማካካሻ ነበረኝ። ዓርብ ማታ የሆነ ጉዳይ ገጠመኝና «ነገ ማካካሻ የለም» ብዬ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ምን ጉዳይ እንደነበር ዛሬ ላስታውሰው እንኳ አልችልም። ልጆቹ ትምህርት ሲቀር አምስት ሆነው ወንዝ ወረዱ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ውኃው ሲያዩት ያን ያህል አልነበረም አሉ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? አንደኛው ሊሻገር ገባና መሐል ላይ እግሩ ከዳው። ዋና የሚችለው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ዘሎ ገባ። ሲዘል በመሐላቸው አምስት እርምጃ ነበር፤ ይህንን ደጋግሞ ነግሮኛል፣ አምስት እርምጃ። አልደረሰበትም። እሱን ታች ላይ የግራር ሥር ይዞት ወጣ። ጓደኛው በሦስተኛው ቀን ተገኘ።

ዘልሎ የገባው ልጅ ነው ዛሬ ዱባይ የሰው ልጅ ዋና ሲዋኝ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው።

እኔም የአስተማሪ ነገር፣ ላጽናናው ብዬ ወደ ቁጥር ሮጥኩ። «ስማኝ ልጄ፣ በተከታዩ ዓመት ክፍሌን ይዤ እዚያው ቦታ ፍጥነቱን ለክተናል። ከድልድዩ ላይ ሆነን ጭራሮ ወርውረን፣ ሠላሳ ሜትሩን በዐሥር ሰከንድ ሄደ። በሰከንድ ሦስት ሜትር ማለት ነው። የዓለም ፈጣኖቹ ዋናተኞች ሃምሳ ሜትርን በ21 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳሉ፣ በሰከንድ 2.4 ሜትር መሆኑ ነው። ወንዙ ከነሱም ይፈጥናል። አንተ የ15 ዓመት ልጅ ነበርክ። ማንም አይደርስበትም ነበር።»

ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ቲቸር፣ ሬላቲቭ ቬሎሲቲ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ወንዙ እኔንም እሱንም ነው የሚወስደው። እኔ ወንዙን መቅደም አልነበረብኝም፤ በውኃው ውስጥ አምስት እርምጃ መዋኘት ብቻ ነበረብኝ። ይህንን ስንት ሌሊት እንዳሰላሁት ያውቃሉ?»

ወዳጆቼ፣ ስንት ዓመት አስተምሬ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም። ልጁ ትክክል ነው። በውሸት ስሌት ላጽናናው ነበር። ስልኩን ዘግቼ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። በዚህ ጊዜ ልዋሽለት አልፈለግሁም፣ መልሱ የፈለገውን ይሁን።

መልሱ ይኸው። ወንዝ ወርዱን ሁሉ እኩል አይፈጥንም። መሐሉ ላይ ይፈጥናል፣ ዳሩ ላይ መሬቱ ስለሚይዘው ይዘገያል። ጓደኛው መሐል ነው፣ እሱ የዘለለው ከዳር ነው። ዳሩ በሰከንድ አንድ ሜትር፣ መሐሉ ሦስት ቢሄድ በየሰከንዱ ሁለት ሜትር ይራራቃሉ። ዳሩን አቋርጦ ፈጣኑ ውኃ ውስጥ እስኪገባ ሦስት አራት ሰከንድ ይፈጃል። አምስቱ እርምጃ ያን ጊዜ ከዐሥር ሜትር በላይ ሆኗል። ሕፃን እግር፣ የረጠበ ሱሪ፣ የደፈረሰ ውኃ። አሁን ፊን እንጨምርለት። ፊን በእርግጥ ያፈጥነዋል። ግን ፊን እግር ላይ ሆኖ አይጠብቅም፣ መልበስ አለበት። ለማጥለቅ ቢያንስ ዐሥር ሰከንድ። በዐሥር ሰከንድ ጓደኛው ሠላሳ ሜትር ሄዷል። ጭራሮዋ እንደሄደችው።

ደርሶበትስ ቢሆን? የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ይጨብጣል፣ ላዩ ላይ ይወጣል። መንሳፈፊያ ያልያዘ የ15 ዓመት ልጅ ይዞት ይሰጥማል። ሕይወት አዳኞች በመጀመሪያ የሚማሩት ይህንን ነው፤ እንጨት ዘርጋ፣ ካልሆነ ገመድ ወርውር፣ ካልሆነ በጀልባ ሂድ፣ ራስህ መግባት የመጨረሻው ነው። እና ስሌቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጊዜውን ያሸንፋል። ታች በኩል፣ ዳር ላይ፣ ገመድ ይዞ የቆመ ሰው። ውኃው ልጁን ራሱ ያመጣለታል።

ገመዱ የዚያ ልጅ ዕዳ አልነበረም። የእኛ ነበር። የአስተማሪው፣ የወላጁ፣ የሰፈሩ። መሻገሪያው ላይ ገመድ አንጠልጥሎ የሚያውቅ ትልቅ ሰው አልነበረም። ማካካሻ የሰረዘ ትልቅ ሰው ግን ነበር።

ይህንን ሁሉ ጻፍኩለት። ማካካሻውንም ጭምር፣ እስከዚያ ቀን ነግሬው አላውቅም ነበር። ሁለት ቀን መልስ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን መጣ፦ «ስሌቱን ሦስት ጊዜ አየሁት። ትክክል ነው። ማካካሻውን እናውቅ ነበር ቲቸር፣ እርስዎ ባይሰርዙትም ሁለታችን ልንቀር ነበር። አሁን ምን ልግዛ?»

አነበብኩትና ወደ ውጭ ወጣሁ። ዝናብ ነበር፣ ደግ አደረገ።

እንግዲህ ለጥያቄው የመጨረሻ መልስ፣ ሁለታችን የተስማማንበት። የጠላቂ ፊን ቀረ። የሚገዛው አጭሩ፣ የሕይወት አዳኞች ፊን ነው። ቅጠሉ አጭርና ድፍን፣ ሁለመናው ለስላሳ ጎማ፣ የሚንሳፈፍ። ማሰሪያው ከራሱ ከጎማው ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ ማጥበቅ ማላላት የለም፣ ስቦ ተረከዝ ላይ መጣል ነው። ቸርችል መጀመሪያ ከሸጠው ጋር ዝምድና አለው። አንዱ መጠን ለሁለት ሦስት የጫማ ቁጥር ይሆናል፤ ሁለት ጥንድ፣ መካከለኛና ትልቅ። በሱ ዘንገና ላይ ተአምር አይሠራም። ግን ውኃው የረጋ ሆኖ፣ ሰውየው ከዳር ሠላሳ አርባ ሜትር ርቆ፣ ገመድ የማይደርስበት ሲሆን፣ ያን ጊዜ መልበሱ የሚፈጀውን ሰከንድ መንገድ ላይ ይመልሰዋል። ሰውየውን እየጎተቱ ሲመለሱ ደግሞ እጅ ሥራ ስለሚይዝ ሁሉም ነገር እግር ላይ ይወድቃል። ከፊኑ ጋር አንድ የሚጎተት መንሳፈፊያ። ያለሱ ማንም እንዳይገባ።

ለወንዝ ግን የዱባይ ዕቃ አያስፈልግም። ገበያ ላይ አለ። ቢጫ ባዶ ጀሪካን፣ ክዳኑ ጥብቅ ያለ፣ ሃያ ሜትር የፕላስቲክ ገመድ እጀታው ላይ የታሰረበት። ባዶው ጀሪካን በነፋስ እንዳይመለስ ሥሩ ላይ አንድ ሁለት ጣት ውኃ ተዉበት፣ ሩቅ ይወረወራል። የቃጫ ገመድ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይሰጥማል። ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጩን ባልዲ ውስጥ ጣሉት፤ የሚንሳፈፈውን ግዙ። ስትወረውሩ ከሰውየው አልፎ ይውደቅ፣ ገመዱ ትከሻው ላይ ያርፍለታል። ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠቅልሉ፣ ይዟችሁ ይገባል።

ከውኃ የወጣ ሰው ትንፋሽ ከሌለው ዘቅዝቃችሁ አታንጠልጥሉት፣ ሆዱን አትጫኑት። በጀርባው አስተኝታችሁ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ፣ መጀመሪያ አምስት ትንፋሽ ስጡት። ከዚያ ደረቱን 30 ጊዜ ተጫኑ፣ ሁለት ትንፋሽ፣ እንደገና 30። እርዳታ እስኪመጣ አታቁሙ። አንጎል ያለ አየር ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። የሚሰጥም ሰው ደግሞ እንደ ፊልም አይጮኽም፤ አፉ ውኃ ውስጥ ነው፣ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰው በመስጠም ሞቷል ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ለዚህ ብለው የመደቡት ቀን የእኛ ሐምሌ 18 ነው። ክረምታችን እምብርት ላይ። ትናንት ነበር፣ ለዚህ ነው ዛሬ የጻፍኩት።

አሁን ልመናዬ።

አንድ፣ መሻገሪያ አካባቢ የምትኖሩ ሁሉ አንድ ጀሪካን ከነገመዱ ከሚታይ ዛፍ ላይ አንጠልጥሉ። ይሰረቃል ትሉኛላችሁ። ይሰረቅ፣ ሌላ አንጠልጥሉ። የእኔ ሁለተኛው ነው።

ሁለት፣ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን «ወንዝ እንዳትሄድ» ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። ይሄዳሉ። እኛም ሄደናል። ዋና የሚችል ሰው ፈልጉና በበጋ፣ በረጋ ውኃ፣ ከዳር፣ አስተምሯቸው።

ሦስት፣ ዳንግላና አካባቢው ያላችሁ፣ ዋና የምትችሉ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የጫማ ቁጥራችሁ ከ40 እስከ 44 የሆነ፣ ውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ልጁ መስከረም ሲመጣ ዕቃውን አስረክቦን ብቻ አይሄድም፣ ሁለት ሳምንት ያሠለጥናል። እስከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳ ላይ ገመድ መወርወር እንለማመዳለን። ውኃ አያስፈልገውም፣ ሣር ይበቃል።

ቅዳሜው አይሰረዝም።